3 ሲግማ ይዞ «ሕይወት» ማለት ይቻላል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ። በእኛ ሚያዝያ 2017 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የጠፈር ተመራማሪ ኒኩ ማዱሱዳንና ቡድኑ ኬ2-18ቢ የምትባል ፕላኔት አየር ውስጥ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ዳይሜቲል ሰልፋይድ ያየን ይመስለናል አሉ። ምድር ላይ ይሄን ጋዝ በብዛት የሚያወጡት ባህር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። እርግጠኝነቱ ግን 3 ሲግማ ነው (ሲግማ ማለት ምልክቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ላለመሆኑ መለኪያ ነው፣ ሲበዛ እርግጠኝነቱ ይጨምራል)፣ ተገኘ ለማለት 5 ይፈለጋል። ለሕዝብ መናገራቸው ልክ ነበር?

ሰማይ ጠቀስ፦ አልነበረም በቃ። ፌስቡኩ «ሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት ተገኘ» ብሎ ሲሞላ አላያችሁም እንዴ፣ አጎቴ ሳይቀር ደውሎ «ሰው አለበት አሉ እኮ» አለኝ። «ይመስለናል» የምትለዋ ቃል እኛ ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀረች 😂

የማሚ ልጅ፦ እና ያ የወሬ አቀባዩ ጥፋት እንጂ የነሱ ነው? 3 ሲግማ ማለት እኮ ጋዙ ባይኖር እንዲህ አይነት ምልክት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው፣ ቀላል አይደለም። ቴሌስኮፑ 10 ቢሊዮን ዶላር የበላው ከአሜሪካ ከአውሮፓና ከካናዳ ግብር ከፋይ ኪስ ነው፣ 5 እስኪሞላ ደብቀው ይቀመጡ?

ፊዚክስ አስተማሪ፦ 0.3ቷ እኮ የምትሰራው ዳታው የተነበበበት ሞዴል ልክ ከሆነ ነው። ፕላኔቷ በ33 ቀን አንዴ ኮከቧ ፊት ስታልፍ ትንሽ ብርሃን ጠርዟ ላይ ባለው ስስ አየር ሾልኮ ይመጣል፣ ከዛ የትኛው ቀለም እንደጎደለ አይተው ነው ጋዙን የሚገምቱት፣ ያውም ከ124 የብርሃን ዓመት ርቀት። ሌሎች ያንኑ ዳታ በራሳቸው መንገድ ሲያነቡት ምልክቱ ደከመ። ጎረቤት ጭስ አየሁ ብለህ ቡና እየቆሉ ነው ብለህ ትሄዳለህ እንዴ፣ ቆሻሻ እያቃጠሉ ቢሆንስ? ጋዙ ራሱ ሕይወት በሌለበት 67ፒ በሚባለው ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ላይ ታይቷል።

የማሚ ልጅ፦ ቲቸር ኮሜቱን ተወው፣ እዚህ የተባለው መጠን ከምድር በሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ፊዚክስ አስተማሪ፦ እሱ ከታየ ነዋ! ደሞ ይቺው ፕላኔት አንዴ ሸውዳናለች። በ2019 እ.ኤ.አ በሃብል ቴሌስኮፕ የውሃ ትነት አየን ተብሎ ዓለም ጮኸ፣ በ2023 ጄምስ ዌብ ሲያያት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገኘ፣ ያ የውሃ የተባለው ምልክትም የሚቴን ሳይሆን አልቀረም ተባለ። ሚቴኑ ግን አሪፍ ግኝት ነው እኮ፣ ማንም ሼር አላደረገውም።

የማሚ ልጅ፦ የ2019ኙን አላውቅም ነበር። እሺ «ሕይወት» የሚለው ርዕስ ይቅር፣ መናገራቸውን ግን አሁንም እደግፋለሁ።

ሰማይ ጠቀስ፦ በሉ ለአጎቴ ማን ይደውልለት?