ቶሮንቶ ላይ ከድንበር ተመልሻለሁ፤ ለሥራ ፈቃድ ቅጹ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?

ምግብ አብሳይዋ፣ ፊልውሃ

ፊልውሃ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ታናሽ እህቴን ለመዳር በጎብኚ ቪዛ ወደ ካልጋሪ ስሄድ መጀመሪያ ያረፍኩት ቶሮንቶ ነበር። የድንበር መኮንኑ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ከሀበሻ ቀሚሱና ከበርበሬው ሥር የሙያ ማረጋገጫዬንና የተተረጎመ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን አገኘ። «ለሰርግ የመጣ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እህቴ «ለማንኛውም ይዘሽው ነይ» ስላለችኝ ነው የያዝኩት፤ እሱ ግን አላመነኝም። አንድ ወረቀት አስፈርሞ በሚቀጥለው አውሮፕላን መለሰኝ። የእህቴን ሰርግ በስልክ አየሁት።

አሁን ካናዳ አልበርታ ያለ ሆቴል ሊቀጥረኝ ኤልኤምአይኤ (አሠሪ የውጭ አገር ሠራተኛ ለመቅጠር ከካናዳ መንግሥት የሚያወጣው ወረቀት) አውጥቶልኛል ተብያለሁ። ቅጹ ደግሞ ቪዛ ተከልክለሽ፣ እንዳትገቢ ተደርገሽ ወይም ውጪ ተብለሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጉዳዬን የያዘው ደላላ «ፓስፖርትሽ አዲስ ነው፤ አላውቅም ብለሽ እለፊ» ይለኛል። ወንድሜ «አዎ ካልሽ አለቀልሽ» ይላል። ቤተሰቡ ሁሉ ጠበቃ ሆኖብኛል። የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ትርጉም ቤት፣ አራት ኪሎ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የፈረምሽውን ወረቀት ፈልጊና ርዕሱን አንብቢ። መኮንኑ የመግቢያ ጥያቄሽን ትተሽ እንድትመለሺ ፈቅዶልሽ ከሆነ አንቺ ላይ ምንም እገዳ የለም። ለተወሰነ ጊዜ እንዳትገቢ የሚያዝ ትእዛዝ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እሱ በአብዛኛው 1 ዓመት ነው፣ ሐሰት ተናግራለች ተብሎ የተሰጠ ከሆነ 5 ዓመት። የማባረር ትእዛዝ ከሆነማ ልዩ ፈቃድ ሳታገኚ መመለስ የለም። ሰው ግን ሦስቱንም «ዲፖርት ተደረግሁ» እያለ ያወራል፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ግማሹ የያዘውን ወረቀት አንብቦት አያውቅም።

ወረቀቱ ከጠፋ ካናዳ ያለችው እህትሽ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነች የጽሑፍ ፈቃድሽን ይዛ፣ 5 ዶላር ከፍላ፣ ከድንበር አገልግሎት ኤጀንሲው መዝገብሽን ልትጠይቅልሽ ትችላለች። መኮንኑ የጻፈው ማስታወሻ እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ደላላሽ ስለ አዲስ ፓስፖርት የሚያወራው አሻራሽን ረስቶ ነው። ለጎብኚ ቪዛ የሰጠሽው አሻራ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ፓስፖርት ብትቀይሪ ጣትሽን አትቀይሪም። «አላውቅም» ብለሽ ከተገኘሽ በካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት 5 ዓመት ትታገጃለሽ። ዛሬ የሌለብሽን እገዳ በእጅሽ ጽፈሽ ልታመጪ ነው ማለት ነው! ቅጹን ደላላ ሞላው ብትዪም ተጠያቂዋ አንቺው ነሽ።

ከለገሃር

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአጎቴ ልጅ «አዎ» ብሎ እውነቱን ጽፎ ተከልክሏል። እውነት ተናገሩ ማለት ለአማካሪ ቀላል ነው።

ትርጉም ቤት፣ አራት ኪሎ

ወንድሜ፣ የክልከላ ደብዳቤው ምን ይላል? ብዙ ጊዜ የማየው «የቆይታ ጊዜህ ሲያልቅ ትወጣለህ ብዬ አላመንኩም» የሚለውን ነው፤ ያንን ከድንበር ተመልሶ የማያውቅ ሰውም ይደርሰዋል። «አዎ» ማለት ፈቃድ አያሰጥም፤ ጥርጣሬውን የሚመልስ ማስረጃም ያስፈልጋል።

ለዚህች እህት ግን አንድ የሚጠቅማት ነገር አለ። ያኔ ጎብኚ ነኝ ስትል ያስጠረጠራት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አሁን ዋና ማስረጃዋ ነው። መኮንኑ ቅጂ አስቀርቶ ሊሆን ስለሚችል የአሁኑ ደብዳቤ ላይ ያሉት የሥራ መደብና ዘመናት ከያኔው ጋር ይመሳከሩ። አሠሪዋ ቀን ሲያሳስት፣ እኛም ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንመልስ ዓመት ስናዛባ ሰው ይጎዳል።

ማብራሪያውን አሳጥሪው፦ መቼ፣ የት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ምን ተገኘ፣ ምን ተባልሽ፣ መቼ ተመለስሽ። ከመኮንኑ ጋር አትሟገቺ። ሦስት ገጽ ሙሉ የሚያለቅስ ደብዳቤ አስተርጉሙልኝ የሚሉኝ አሉ፤ ግማሽ ገጽ ቢነበብላቸው ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ፈቃዱ ቢሰጥሽ እንኳን ወረቀቱ የሚታተመው ስትገቢ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው፤ ያው መዝገብ እንደገና ይከፈታል። የማብራሪያሽን ቅጂ ከእጅሽ አትለዪው።

ምግብ አብሳይዋ፣ ፊልውሃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ወረቀቱን እናቴ ከመታወቂያዎች ጋር አስቀምጣው አገኘሁት፤ ጥያቄዋን ትታ እንድትወጣ ተፈቅዶላታል ነው የሚለው። «አዎ» ብዬ እሞላለሁ። ደላላው ግን ሆቴሉ ለኤልኤምአይኤ ያወጣውን ወጪ ተጋሪ እያለኝ ነው። ይህንስ ምን ልበለው?

ትርጉም ቤት፣ አራት ኪሎ

እንዳትከፍዪ። ለአንድ የሥራ መደብ 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ የሚከፍለውም አሠሪው ነው፣ ከሠራተኛ መቀበል ክልክል ነው። ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት የሆቴሉን ስልክ ከራሱ ድረ ገጽ አውጥተሽ፣ ደላላው ሳይሰማ፣ ደውይላቸው። ስምሽን የማያውቁት ከሆነ የምንከራከርበት ኤልኤምአይኤ ራሱ የለም ማለት ነው።