መርከባችን ወደ ሴቫስቶፖል ታዝዛለች፤ እኔንም ያስጠይቀኛል?

ጥያቄ፦ ከባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ተመርቄ በአንዲት የብትን ጭነት መርከብ ላይ ሦስተኛ ኦፊሰር ሆኜ እሠራለሁ። ቱርክ ጠረፍ ላይ መልሕቅ ጥለን ሳለ፣ «ጥቁር ባሕር» ተብሎ ብቻ የተነገረን መዳረሻ ሩሲያ ከዩክሬን በያዘቻት ክራይሚያ ያለው የሴቫስቶፖል ወደብ መሆኑንና ከዚያ ስንዴ እንደምንጭን ሰማሁ። ካፒቴኑ ወደ ጥቁር ባሕር መግቢያ የሆነውን ቦስፎረስን ካለፍን በኋላ በእኔ ዋች (የሥራ ተራ) ላይ የመርከቧን ማንነትና ቦታ የሚያሰራጨውን ኤአይኤስ እንዳጠፋ ነግሮኛል። ተቀጣሪ እንጂ ባለመርከብ ባልሆንም ልጠየቅ እችላለሁ? አልሄድም ብልስ የመመለሻ ቲኬቱን ማን ይከፍላል?

መልስ (ጡረታ የወጣ ካፒቴን)፦ ወንድሜ፣ ዩክሬን ሴቫስቶፖልን፣ ከርችን፣ ፌዮዶሲያን፣ ያልታንና የቭፓቶሪያን በ2014 እ.ኤ.አ. ዘግታለች፤ በ2022 ማሪዮፖል፣ በርድያንስክ፣ ስካዶቭስክና ኬርሶን ተጨምረዋል። ሩሲያ ክፍት ናቸው ብትልም፣ ያለ ፈቃድ መግባት በዩክሬን ሕግ ወንጀል ነው። ኡስኮ ምፉ የተባለችው የካሜሩን ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ በሐምሌ 2024 በኦዴሳ ክልል የተያዘችው ከሴቫስቶፖል እህል ጭናለች ከተባለ ከወራት በኋላ ነው፤ ካፒቴኗም ተከሷል። ወደብ በተገባ ቁጥር ያለፉት 10 ወደቦች ዝርዝር ይጠየቃል፤ ሴቫስቶፖል ብላችሁ ብትጽፉ ራሳችሁን ታጋልጣላችሁ፣ የሩሲያውን ወደብ ኖቮሮሲይስክ ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ይሆናል። ያን ቅጽ ብዙ ጊዜ የሚሞላው እንደ አንተ ያለ ታናሽ ኦፊሰር መሆኑን አትርሳ።

መልስ (የቺፍ ኦፊሰር፣ ማለትም የካፒቴን ምክትል አስተያየት)፦ ካፒቴን ለደኅንነት ሲል ኤአይኤስ የማጥፋት ሥልጣን አለው፤ ጥቁር ባሕር ደግሞ ጦርነት ያለበት ስለሆነ ይህን ያህል አያስደነግጥም።

መልስ (የመርከብ ኢንሹራንስ ባለሙያ)፦ ከላይ የተሰጠው አስተያየት ግማሹ ትክክል ነው። ሕጉ የፈቀደው የመርከቧን ደኅንነት ለመጠበቅ እንጂ የገባችበትን ወደብ ለመደበቅ አይደለም። ለጠያቂው ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት የክራይሚያን ምርት ማስገባትን በ2014 ከልክሏል፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማዕቀብ ጥላለች፤ ማዕቀብ የጣሰ ጉዞ ላይ ኢንሹራንሱ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ እርስዎ ቢጎዱ ካሣ የሚከፍል ላይገኝ ይችላል። ባለመርከቡ የጦርነት ሥጋት ሽፋን መግዛቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመልሱ መዘግየት ራሱ ብዙ ይናገራል።

መልስ (የቀድሞ የመርከበኞች ማኅበር ሠራተኛ)፦ በ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መመሪያ መሠረት፣ መርከብ ወደ ጦርነት ቀጠና ስታመራ ያልተስማማ መርከበኛ ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው፤ በዚህ መብት ስትመለስ ወጪው በመርሕ የባለመርከቡ ነው። ቀጠናው የሚወሰነው በሕግ ወይም በውልህ ስለሆነ መጀመሪያ ውልህን አንብብ። አለመስማማትህን መልሕቁ ከመነሣቱ በፊት ለካፒቴኑ በጽሑፍ ስጥ፣ ቅጂውን በራስህ ኢሜይል ላክ፣ ከዚያም የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ተቆጣጣሪን አነጋግር። ቦስፎረስን ካለፋችሁ በኋላ የምትወርድበት ወደብ ማግኘት እጅግ ይከብዳል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ውሌ ላይ የጦርነት ቀጠና የሚለው አንቀጽ አለ፤ ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ከዋች በፊት እሰጣለሁ።

መልስ (ጡረታ የወጣ ካፒቴን)፦ የተቀበለበትን ሰዓት አስፈርመው። አልፈርምም ካለም ሰዓቱንና በቦታው የነበረውን ሰው ወዲያው ጻፍ።