የጣርማበር መንገድ ታሪክ፦ የጋራ ሐሳባችን ላይ እንወያይ

ጸሐፊ፦ ወገኖች፣ ለወረዳው የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። የደብረ ብርሃን - ሸዋ ሮቢት መንገድን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ይቁም ነው የምንለው። ቦታው መንገዱ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበት ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ነው። ጽሑፉ «መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው» ብሎ ይጀምራል። ሐሳባችሁን ስጡበት።

መምህሩ፦ እጅሽ ይባረክ እህቴ። አጀማመሩ ላይ ግን አልስማማም። ጣሊያን ሳይመጣም እኮ ከአዲስ አበባ ደሴ መኪና ይሄድ ነበር። መንገዱ ጥርጊያ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃው አያሳልፍም፤ ቢሆንም መንገድ ነበር። በሚያዝያ 1928 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ የሞተር ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በዚሁ ነው። ጣርማበር ሲደርስ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች ጠላትን እንዲያዘገዩ ወደዚህ ተራራ ተልከው ነበር። ገና ተማሪዎች ናቸው! ያ ሁሉ ካሚዮን የፈረሰው እስኪጠገን ተገትሮ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ሰሌዳው በእነዚህ ልጆች ይጀምር፤ ዋሻው ከዚያ ይቀጥላል።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ መምህር። ዋሻው ግን መቅረት የለበትም።

መምህሩ፦ ኧረ አይቀርም። ጣሊያን በወረራው ዓመታት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሰርስሮ አሳልፎታል። ይህ ይጻፍ። የአገራችን ሰው ጉልበት እንደፈሰሰበትም ይጻፍ። በ1943 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም አንድ መስመር ይገባዋል።

ሹፌሩ፦ እኔ ታሪኩን ለእናንተ ትቻለሁ። ቦታው ላይ ግን ዝም አልልም። ዋሻው አፍ ላይ ሰው ማስቆም አደጋ ነው። ጉም ሲወርድ የፊትህን መኪና መብራት እንኳ በግድ ነው የምታየው። ከታች ተሳቢ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይመጣል። ከላይ የሚወርደው ደግሞ ፍሬኑ እንዳይሞቅ ይጠነቀቃል። መሀል ላይ ሰሌዳ አንብቡ ብለን ሰው ልናወርድ ነው? እንዴት ተደርጎ!

ከደብረ ሲና አንዲት እናት፦ ልክ ነህ ልጄ። እኛ ዘንድ አቁሙት። አውቶቡሱ እንደሆነ ደብረ ሲና ሳይቆም አያልፍም። ሴቶቹ ቆሏቸውን ይዘው መስኮት ሥር ናቸው። ሰው ቆሎውን እየቆረጠመ ያነባል። ለሻጮቹም መጠለያ ብትጨምሩበት ጥሩ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቆሎው ይረጥባል።

ጸሐፊ፦ እማማ፣ መጠለያው ገብቷል። መምህር፣ አንኮበርንስ?

መምህሩ፦ ባጭሩ ይነሣ። ከመኪና በፊት የሸዋ ንግድ በአንኮበርና በአልዩ አምባ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ ነበር። እሱ ግን ራሱን የቻለ መንገድ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አይደባለቅ።

ሹፌሩ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሻው ጋ የታሪክ ሰሌዳ ባይኖርም የጉም ማስጠንቀቂያ ምልክት ይጠየቅልን። እሱ ከሁሉም ይቀድማል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አንደኛ ተራ ላይ አስገባዋለሁ። እንግዲህ ሰሌዳውና መጠለያው ደብረ ሲና፣ የጉም ምልክቱ ዋሻው በሁለቱም ወገን። መምህር የካዴቶቹን አንቀጽ ይጻፉልን፤ እማማ ሻጮቹን የት ቢሆን እንደሚሻላቸው ይጠይቁልን። ሁለቱ እንደደረሱኝ ደብዳቤውን አስተካክዬ ለፊርማ እልካለሁ።