ለአዲስ አበባው ጉባኤ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ አንቀጽ ሦስት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛው ረቂቅ ደርሷችኋል። አንቀጽ አንድና ሁለት ላይ ተስማምተናል፤ የቀረው ከበለጸጉት አገሮች የመንግሥት በጀት ምን እንጠይቅ የሚለው ነው። አሁን የተጻፈው «በባኩ የተገባው የ300 ቢሊዮን ዶላር ቃል ይከበር» ይላል፤ በ2024 ባኩ ላይ በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ የተገባውን ማለት ነው። ኮፕ 32፣ ማለትም 32ኛው የዚሁ ጉባኤ፣ በ2027 እዚሁ አዲስ አበባ ስለሆነ ጽሑፋችን የሚነበብበት ዕድል አለ። አስተያየት እስከ ዓርብ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ።

ሒሳብ ክፍል፦ እንዲህ ከሚጻፍ ቢቀር ይሻላል። 300 ቢሊዮኑ በዓመት ነው፣ ቀነ ገደቡም 2035 ነው፤ ከመንግሥት በጀት ብቻ ይምጣም አይልም። የግል ገንዘብም፣ የልማት ባንኮች ብድርም ይገባበታል። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የተገባው ቃል እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ይደርሳል የሚል ነበር። በ2020 የተቆጠረው 83.3 ቢሊዮን ነው፤ 100ን ያለፈው በ2022 ነው፣ 115.9 ሆኖ። ከመንግሥታት ከወጣው ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብድር ነው፤ ብድሩም የሚመዘገበው በሙሉ መጠኑ። የ10 ሚሊዮን ዶላር ለስላሳ (ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ) ብድር የልገሳ ይዘቱ፣ ማለትም እንደ ስጦታ የሚቆጠረው ክፍሉ፣ 4 ሚሊዮን ቢሆን፣ በዕርዳታ መዝገብ 4 ይጻፋል፣ በአየር ንብረት መዝገብ 10። ስለዚህ ጥያቄያችን በልገሳ ይዘት ይቆጠር የሚል ይሁን።

ከለንደን፦ በዚህ ላይ የብሪታንያን ልጨምር። ከ2021/22 እስከ 2025/26 ድረስ 11.6 ቢሊዮን ፓውንድ ቃል ተገባ። ቃሉን መሙላት ሲከብድ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። ለምሳሌ እጅግ ተጋላጭ ወደሆኑ አገሮች ከሚሄደው የሰብዓዊ ዕርዳታ 30 በመቶው በቀጥታ የአየር ንብረት ገንዘብ ተባለ። የብሪታንያ ገለልተኛ የዕርዳታ ገምጋሚ ኮሚሽን በ2024 የአቆጣጠር ለውጦቹ በድምሩ 1.7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደጨመሩ አሰላ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የዕርዳታ በጀቱ ከብሔራዊ ገቢ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በ2027 እንዲወርድ ተወሰነ። «አዲስና ተጨማሪ ገንዘብ» ብለን ጽፈን ተጨማሪነቱ የሚለካበትን መነሻ ዓመት ካልሰየምን ማንም እንደፈለገ ይሞላዋል።

ወጣቶች ዘርፍ፦ ብድርን በጅምላ መግፋት ግን ይከብደኛል። የነፋስና የጂኦተርማል ኃይል በልገሳ ብቻ የሚሠራው መቼ ነው? ኃይል ለኬንያም ለጅቡቲም ይሸጣል።

ሒሳብ ክፍል፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ መስመሩንም እዚያው ላይ እናስምረው፤ የውጭ ምንዛሪ ለሚያስገባ ብድር፣ ለማያስገባ ልገሳ። አፈር እንዳይሸረሸር የሚሠራ እርከን ዶላር አያመጣም። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ5 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ከ285 ሚሊዮን ብር ወደ ግማሽ ቢሊዮን ገባ ማለት ነው፤ እርከኑ አንድ ክንድ እንኳ አልረዘመም። ያውም ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች።

የውሃ ባለሙያ፦ ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ ስለሚሆነው አንድም ቃል አልጻፍንም። በ2017 አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ (በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ያለው ፈንድ) በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ያጸደቀውን የድርቅ ፕሮጀክት ተመልከቱ፤ 50 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ 45ቱ የፈንዱ ልገሳ፣ 5ቱ የመንግሥት። የሶላር ፓምፕ ውሃ፣ አነስተኛ መስኖ፣ የተራቆተ መሬት ማልማት አለበት። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ፓነሉ ችግር አያመጣም። ቀድሞ የሚቃጠለው ኮንትሮለሩ (የፓነሉን ኃይል ለፓምፑ የሚያመጣጥነው መሣሪያ) ነው፣ በሙቀትና በአቧራ። መለዋወጫው በዶላር ይገዛል፤ የውሃ ኮሚቴው የሚሰበስበው ብር ነው፤ የፕሮጀክቱ ሒሳብ ደግሞ ተዘግቷል። ሌላው የፍሰት ሙከራ፣ ማለትም ጉድጓዱ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ መለካት፣ ነው። 72 ሰዓት መሞከር የሚገባውን ጉድጓድ ወጪ ለመቆጠብ በጥቂት ሰዓት ካለፉት፣ ከጉድጓዱ አቅም በላይ የሆነ ፓምፕ ይገጠማል፤ በበጋ ውሃው ሲወርድ ፓምፑ ያለ ውሃ ይሽከረከርና ይቃጠላል። አሸዋ ከሳበም ውስጡ ይበላል። ስለዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግባልኝ፦ ከእያንዳንዱ የውሃ ግንባታ 8 በመቶ ለጥገና ተነጥሎ በዶላር በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለአምስት ጉድጓድ አንድ መጠባበቂያ ኮንትሮለር ከመጀመሪያው ግዢ ጋር ይገዛ።

ጸሐፊ፦ 8 በመቶው ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁንስ?

የውሃ ባለሙያ፦ ለድርድር የቀረበ ቁጥር ነው። ከ5 በታች ግን አንውረድ፤ አንድ ኮንትሮለርና የክሬን ኪራይ ይጨርሱታል።

ከባሕር ዳር፦ የእኔ ጉዳይ በሩ ነው። አንድ ማኅበር ተነሥቶ ለአረንጓዴው ፈንድ አያመለክትም። እውቅና ባለው ተቋም በኩል ያልፋል፤ ከዚያ የአገሪቱ ተወካይ መሥሪያ ቤት «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ደብዳቤ፣ የፈንዱ ጽሕፈት ቤት ምርመራ፣ የገለልተኛ ባለሙያዎች ፓነል፣ 24 አባላት ያሉት ቦርድ፣ ውል፣ የመጀመሪያው ክፍያ ቅድመ ሁኔታዎች። የፈንዱ ቀለል ያለው አካሄድ እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር ይፈቅዳል፣ የአካባቢ ስጋቱ አነስተኛ ለሆነ ሥራ። በአየር ንብረት ለውጥ ለደረሰ ጉዳት የሚከፍለው የኪሳራና ጉዳት ፈንድ የመጀመሪያ ዙርም ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 20 ሚሊዮን ነው። ለአንድ ቀበሌ ጎርፍ መከላከያ 200 ሺህ ዶላር የሚፈልግ ሰው የት ይግባ? እውቅና ያለው የአገር ውስጥ ተቋም ትንንሾቹን የሚያቅፍ አንድ ጥላ ፕሮጀክት ይዞ ከ50 እስከ 300 ሺህ ዶላር በንዑስ ልገሳ እንዲያከፋፍል እንጠይቅ። ኦዲቱ በጥላው ላይ ይሁን፤ ወረዳው የክፍያ ሰነድና ፎቶ ብቻ ያቅርብ።

ጸሐፊ፦ በዚህ መሠረት አንቀጹ እንዲህ ይነበብ፦ «የመንግሥታት የአየር ንብረት ገንዘብ በልገሳ ይዘቱ ይቆጠር። የአየር ንብረት ለውጥን ለመላመድ፣ እንደ እርከንና ውሃ ላለ ሥራ የሚሰጠው ልገሳ ይሁን። የሚቆጠረው የተፈረመ ውል እንጂ ቃል አይሁን።» የመጨረሻውን የጨመርኩት አሜሪካ በ2025 ለአረንጓዴው ፈንድ ቃል ገብታ የነበረውን 4 ቢሊዮን ዶላር ስለሰረዘች ነው። የጥገናውና የንዑስ ልገሳው በአባሪ ይግባ። መነሻ ዓመቱን 2025 ብዬዋለሁ።

ከለንደን፦ 2025 አይሆንም። የተቆረጠው በጀት ራሱ መነሻ ይሆንና ነገ የሚመለሰው ሁሉ «ተጨማሪ» ይባላል። ከ2019 እስከ 2023 ያለው አማካይ ይሁን፤ ለጋሾቹ በገዛ አገራቸው ለስደተኞች ያወጡት ተቀንሶ፣ እሱም በዕርዳታ ውስጥ ስለሚቆጠር።

ሒሳብ ክፍል፦ እደግፋለሁ። የስድስቱን ትልልቅ ለጋሾች ሠንጠረዥ እስከ ሐሙስ እሠራለሁ። ፈረንሳይና ጃፓን የሚሰጡት በአብዛኛው ብድር ስለሆነ፣ በልገሳ ይዘት ሲሰላ የሁለቱ ቁጥር ከሁሉ በላይ ይወርዳል፤ ተቃውሞም ከዚያ ወገን ይጠበቅ።