ኦና ቤቶችን ሳነሳ ሁሉም ፎቶ ለምን ይመሳሰልብኛል?

ኮረኮንች፦
ሰላም ለሁላችሁ። እረፍት ሳገኝ ከአስፋልቱ እወጣና ገንጠል ባሉ የገጠር መንገዶች እዞራለሁ። የማነሳው ኦና ቤት፣ ሥራ ያቆመ ወፍጮ፣ ባቡር የማይቆምበት ጣቢያ ነው። ቦታው ላይ ቆሜ ሳየው ሆዴን ያባባዋል። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን የተሰነጠቀ ግድግዳና የተሰበረ መስኮት ብቻ ይሆንብኛል። አንዱ ከሌላው አይለይም። ያለኝ ዋይድ አንግል፣ ማለትም ሰፊ ቦታ የሚይዝ ሌንስ ነው። ብዙ ጊዜ የምደርሰውም ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ምን ላስተካክል? ውስጥ መግባትስ እንዴት ነው?

ባለትራይፖድ፦
ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ውጪውን ተወውና ውስጡን ሥራ። ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ይበቃሃል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጥ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 8 አድርግና ሹተሩን አዘግየው፤ ብርሃኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይግባ። ፍላሽ አታብራ፤ ጥላውን ሁሉ ይበላብሃል። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ካስቸገረህ አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ደመቅ አድርገህ አንሳና በኋላ አዋህዳቸው።

የድሮ መንገደኛ፦
ወንድሜ፣ ችግሩ ሌንሱ አይመስለኝም። ፍርስራሽ የትም ቦታ ያው ፍርስራሽ ነው። የሚለያየው እዚያ የኖረውና የሠራው ሰው ነው። እጅ የነካውን ነገር ፈልግ።

አንድ ወፍጮ ቤት ልንገርህ። ጣሪያው ግማሹ ወርዷል። ማሽኑ ተነቅሎ ተወስዷል፤ የቀሩት የታሰረባቸው ብሎኖች ናቸው። በሩ አጠገብ፣ እንጨቱ ላይ፣ ምስማሮች በሰልፍ ተመትተዋል። ለምን እንደሆነ ግራ ገባኝና በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ጠየቅኳቸው። «ወረፋ ነዋ!» አሉኝ። እህል ይዞ የመጣ ሰው በየተራው የጆንያውን ማሰሪያ ይሰቅልባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማንሳት አላሰኘኝም። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅኩ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የየምስማሩ ጥላ ረዘመ፤ ገመድ እየፈተገ ያለሰለሰው እንጨት ጎልቶ ወጣ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጠጋ ብዬ አነሳሁት። ከዚያ ቤት ያስቀረሁት እሱን ብቻ ነው።

ሰው ጠይቅ የምልህ ለዚህ ነው። ከመኪና ውረድ፣ ሰላም በል፣ ካሜራውን ቶሎ አታውጣ። የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ባለቤቱ ማን እንደሆነም ያውቃል፤ ፈቃዱን በዚያው ትጠይቃለህ።

ደግሞ መመሳሰሉን አትጥላው። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት ፎቶ አንሺዎች በርንድና ሂላ ቤኸር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የውሃ ማማና የብረት ማቅለጫ ምድጃ ሲያነሱ ኖሩ። ጥላ እንዳይበዛ ደመናማ ቀን ይመርጡ ነበር። አቀራረባቸውን ሳይቀይሩ ያነሱና ፎቶዎቹን በረድፍ ይደረድሯቸው ነበር። ማማዎቹን ጎን ለጎን ስታያቸው ዓይንህን የሚይዘው ልዩነታቸው ነው። ካነሷቸው ብዙዎቹ ዛሬ ፈርሰዋል። ፎቶው ባይኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር?

ቀስ ብለሽ ግቢ፦
ስለ መግባቱ እኔ ልመልስ። ወለሉ የእንጨት ከሆነና ጣሪያው ሲያፈስ የቆየ ከሆነ አትርገጠው፤ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር በስብሶ ይቆያል። በድሮ ቤቶች የምታገኘው ሸንተረር ያለው የሲሚንቶ ጣሪያ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖረው ይችላል። የተሰባበረውን አትነካካ፣ አቧራውን አታስነሳ። የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ክፍልም ይቅርብህ፤ ሳንባ የሚጎዳ ፈንገስ ሊኖርበት ይችላል። ግቢው ሣር ከዋጠው ክዳን የሌለው የውሃ ጉድጓድ ሊኖር ስለሚችል ዱላ ይዘህ ከፊትህ እየነካካህ ሂድ። የት እንደምትሄድም ለሰው ተናገር።

ኦና ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ናሚቢያ ውስጥ ኮልማንስኮፕ የሚባል የአልማዝ ከተማ አለ። ሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ጨርሶ ለቆት ክፍሎቹን አሸዋ ሞልቷቸዋል። እዚያ እንኳን የሚገባው በፈቃድ ነው።

ሌላ፦ ስልክህ በፎቶው ውስጥ የቦታውን ጂፒኤስ ሊመዘግብ ይችላል። ከመለጠፍህ በፊት ያንን መረጃ አጥፋው። ቆርቆሮና በር የሚነቅሉ ሰዎችም እንደኛው ፎቶ ያያሉ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ኮረኮንች፦
አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። የድሮ መንገደኛ፣ እኔ በምዞርበት መስመር ላይ የተዘጉ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው። እነሱን በረድፍ ብሠራስ?

የድሮ መንገደኛ፦
አሪፍ ነው፣ ግን ጣቢያውን በሙሉ አትያዘው። የቲኬት መሸጫ መስኮቱን ብቻ ውሰድ። ደመናማ ቀን ጠብቅ፣ ርቀትህንና የካሜራውን ከፍታ ለክተህ በሁሉም ላይ ያንኑ ጠብቅ። ሰው ክርኑን የሚያስደግፍበት ጠርዝ በፍሬም ውስጥ ይግባልህ፤ ቀለሙ የሚለቀው እዚያ ነው። በአካባቢው የነገሩህን ደግሞ ሳትረሳው ማስታወሻ ላይ ጻፈው። የመጀመሪያዎቹን ስትጨርስ እዚሁ ለጥፋቸው፣ አያቸዋለሁ።