ዲፊብሪሌተር በመናኸሪያና በስታዲየም፦ ሕግ ያስገድድ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ለዛሬ የመረጥነው የመከራከሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ልቡ በድንገት ለቆመ ሰው የሚያገለግለውና ሐኪም ያልሆነ ሰው ጭምር ሊጠቀምበት የሚችለው አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች እንዲቀመጥ ሕግ ያስገድድ ወይ? ጥያቄውን ያቀረቡልን በደብረ ብርሃን በድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው። ክርክሩ በአየር ላይ እንዳይቀር የደብረ ብርሃንን መናኸሪያ፣ የሸዋ ሮቢትን ገበያና የጻድቃኔ ማርያምን ንግሥ በምሳሌነት እንያዝ። ቅድሚያ ለሲስተር።

ነርሷ፣ ከደብረ ብርሃን፦ አመሰግናለሁ። ልብ ቆመ ስንል በብዙ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚከሰተው ፍጹም ጸጥታ አይደለም፤ የልብ የታችኛዎቹ ክፍሎች ሥርዓት በሌለው መንገድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ደም መርጨት ያቅታቸዋል፣ ሰውየውም በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ይህን መንቀጥቀጥ የሚያስቆመው በደረት በኩል የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። ደሙ እንዲዘዋወር ደረቱን በእጁ ደጋግሞ የሚጫንለት ሰው ከሌለና ንዝረቱም ካልደረሰለት የመትረፍ ዕድሉ በእያንዳንዱ ደቂቃ ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ከመናኸሪያ እኛ ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፈውን ጊዜ አስቡት፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ በባጃጅ ኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፎ፣ ማንም ደረቱን ሳይነካው ነው።

ሰው ሲወድቅ በመንገድ ላይ የሚሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ሕዝቡ ይከበዋል፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዝለታል፣ ሌላው ውኃ ይረጨዋል፣ ሌላው ደግሞ የሚጥል በሽታ ነው አትንኩት ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ አየር መሳቡ ነው። ያዩት ሰዎች ይተነፍሳል ብለው ይተዉታል፤ ያ ግን ማጣጣር እንጂ ትንፋሽ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ሊረዱት ፈልገው ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቁና በእጃቸውም ምንም ስለሌለ ነው።

መሣሪያው የሚያስፈራ አይደለም። ክዳኑ ሲከፈት መናገር ይጀምራል፤ ሁለት ተለጣፊ ፓዶች አሉት፣ አንዱ ከቀኝ ትከሻ ዝቅ ብሎ በደረት ላይ፣ ሌላው ከግራ ብብት በታች በጎን በኩል ይለጠፋል፣ ቦታውም በራሱ በፓዱ ላይ በሥዕል ተመልክቷል። የልብን እንቅስቃሴ የሚያነበው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ንዝረት የማያስፈልገው ሰው ሆኖ ካገኘው ቁልፉ ቢጫንም ንዝረት አይለቅም። በአሜሪካ የቁማር ቤቶች ጥበቃዎች ሠልጥነው መሣሪያውን እንዲጠቀሙ ተደርጎ በ2000 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ሰው እያየው ወድቆ ልቡ በዚህ ዓይነት መንቀጥቀጥ ከቆመባቸው መካከል በ3 ደቂቃ ውስጥ ንዝረት ያገኙት 74 በመቶዎቹ ድነው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ከዚያ ዘግይቶ ከደረሰላቸው የዳኑት 49 በመቶ ነበሩ። ያዳኗቸው ዶክተሮች ሳይሆኑ የበር ጠባቂዎች ናቸው። የእኛ መናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች ከእነርሱ በምን ያንሳሉ?

የሆቴል ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሲስተር፣ ስለ መሣሪያው ጥቅም አልከራከርዎትም። ዴንማርካዊው እግር ኳስ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. በኮፐንሀገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ወድቆ በዲፊብሪሌተር ሲነሣ እኔም እንግዶቼም በቴሌቪዥን አይተናል። የእኔ ተቃውሞ ግዴታ በሚለው ቃል ላይ ነው። በየመኪናችን ያለውን የእሳት ማጥፊያ ተመልከቱ፤ ለቦሎ ምርመራ ሲባል ይገዛል፣ ከምርመራው ማግሥት መሥራት አለመሥራቱን የሚያይ የለም። ዲፊብሪሌተር ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ፓዱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነካ በአብዛኛው በ2 ዓመት ገደማ ጊዜው ያልፍበታል፣ ባትሪውም በጥቂት ዓመታት ይለወጣል፣ ሁለቱም የሚገቡት በውጭ ምንዛሪ ነው። ሕጉ ግዛ ብሎኝ መለዋወጫውን ካጣሁ በግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ሰውን የሚያታልል ሣጥን ይሆናል። ከዚያም ተቆጣጣሪ መጥቶ ይቀጣኛል፤ ቅጣቱ አንድም ልብ አያስነሣም።

የጤና መኮንን፣ ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ ያነሡት የመለዋወጫ ጉዳይ እኛ መንዝ ላይ በየዕለቱ የምንኖረው ነው። እኔ ግን ከዚያ አስቀድሜ ቅደም ተከተሉን እጠይቃለሁ። መሣሪያው የአንድን ሰው ልብ ካስነሣ በኋላ ሰውየው ወዴት ይሄዳል? ኦክስጅን፣ የሠለጠነ ባለሙያና ፈጥኖ የሚደርስ አምቡላንስ በሌለበት መንገድ ላይ የተገኘው ትርፍ ሊጠፋ ይችላል። በእኛ አካባቢ ልብን የሚያዳክመው ብዙ ጊዜ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያመጣው የልብ በር ጉዳትና ለዓመታት ያልተለካ የደም ግፊት ነው። አንድ መሣሪያ የሚገዛበት ገንዘብ በጤና ጣቢያ ደረጃ ስንት የደም ግፊት መለኪያ እንደሚገዛና ስንት ልጅ ፔኒሲሊን እንደሚያስወጋ አስሉት። ሕግ ሲወጣ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ወደ ራሱ ይስባል፤ የምፈራው ይህን ነው። ደረት መጫንን ማስተማር ግን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ በዚያ ከሲስተር ጎን ነኝ።

ጠበቃ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መግዛት ነው። የሕጉ የመጀመሪያ ሥራ ግን ማስገዛት አይመስለኝም፤ የሚረዳውን ሰው መጠበቅ ነው። ሁለት የራሳችንን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ትቶት የሚሄደውን ይቀጣል። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ስለዚህ ካልረዳህ ትጠየቃለህ፣ ረድተህ ከተሳሳትክም ልትጠየቅ ትችላለህ ማለት ነው፤ በቅን ልቦና ዲፊብሪሌተር ለተጠቀመ ተራ ሰው በግልጽ የተጻፈ ከለላ በሁለቱም ውስጥ አላገኘሁም። ዳኛ ሁኔታውን አይቶ በነፃ ያሰናብተው ይሆናል፤ ነገር ግን ገበያ መሀል ጉልበቱን አንበርክኮ የሌላ ሰው ሸሚዝ የሚቀድ ሰው የዳኛን አስተያየት ቆሞ አይጠብቅም። ሰው ወድቆ ሲያይ ነገ ቃል ስሰጥ፣ ለምስክርነት ስመላለስ እንዳልውል ብሎ የሚያልፍ ወገን በገበያችን ጥቂት አይደለም።

ሌሎች አገሮችም የጀመሩት ከዚህ ነው። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና መሣሪያውን ለተጠቀመውም ላስቀመጠውም ወገን በተወሰኑ ሁኔታዎች ከካሣ ኃላፊነት ከለላ ሰጠ። ፈረንሳይ በ2007 እ.ኤ.አ. ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምበት ፈቀደች፤ በተወሰኑ የሕዝብ ሕንፃዎች ላይ ማስቀመጥን ግዴታ ያደረገችው በ2018 በወጣ ሕግ ሲሆን እሱም ከ2020 ጀምሮ ከትልልቆቹ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ነው የተፈጸመው። መጀመሪያ ፈቃድ፣ በኋላ ግዴታ። ይህ ቅደም ተከተል ለእኛም ይበጃል። በአገራችንም ቢሆን መጀመሪያ እርዳ፣ ሒሳቡን በኋላ እናወራርዳለን የሚል ሕግ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በወጣበት በ2005 ዓ.ም. በመኪና ለተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር።

ነርሷ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ከለላው ይቅደም የሚለውን እቀበላለሁ፤ ግዴታው በኋላ ይምጣ የሚለው ግን ያሳስበኛል፣ በኋላ የተባለ ነገር በእኛ ዘንድ የት እንደሚቀር ስለማውቅ። የኢጣሊያን ታሪክ እዩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ መሣሪያውን ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዲጠቀምበት የፈቀደው ሥልጠና መውሰዱን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር፤ ያልሠለጠነ ሰውም በችግር ጊዜ እንዲጠቀምበትና እንዳይጠየቅ የሚያደርገው ሕግ የመጣው በነሐሴ 2021 ነው። በመካከሉ 20 ዓመት አለፈ። በአንጻሩ ጃፓን በ2004 እ.ኤ.አ. ለማንኛውም ሰው ፈቀደች፣ መሣሪያውም በባቡር ጣቢያና በትምህርት ቤት ተስፋፋ። ሠልጣኝ ብቻ ይንካው የሚል አንቀጽ ከገባብን የሚከፈለው ዋጋ በሰው ዕድሜ ነው።

ወንድሜ ከመሐል ሜዳ ላነሡት ደግሞ ይህን ልመልስ። የደም ግፊት መለኪያውንና ፔኒሲሊኑን የሚቀንስ ሕግ ከሆነ እኔም እቃወመዋለሁ። ስለዚህ ግዴታው በጤና ጣቢያ በጀት ላይ አይጫን፤ በፋብሪካዎች፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በዩኒቨርሲቲውና በስታዲየሙ ይጀምር። ገና የልብ ሕክምና ማዕከል በሌለበት ወረዳ ማስቀመጡ አይቀድምም። በደብረ ብርሃን ግን ሆስፒታሉ በከተማው ውስጥ ነው፤ ሰውየው ወዴት ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ፣ የጎደለው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው።

ሕግ አርቃቂዎች ከሌላ አገር ሲገለብጡ የማያገኟቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። መሣሪያው በእንግሊዝኛ እየጮኸ መመሪያ ቢሰጥ በሸዋ ሮቢት ገበያ በርበሬ የምትሸጥ እናት ምን ትሰማለች? ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት በአማርኛ፣ እንደየአካባቢውም በኦሮምኛ እንዲናገር መጠየቅ አለበት፤ የሕክምና መሣሪያዎችን የሚመዘግበው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ ይህን በምዝገባ ጊዜ ማስገባት ይቻላል። ሁለተኛው አየሩ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚቀመጡት ከ0 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ ከቤት ውጭ የተሰቀለ ሣጥን እንዲህ ባለው ሌሊት ባትሪው ይደክማል፣ የፓዱም ማጣበቂያ ይበላሻል። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ በቆላው ፀሐይ የተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጡ ምን ያህል እንደሚግል የአገሩ ሰው ያውቃል።

የሆቴል ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ሲስተር ይህን ስላነሡ ደስ ብሎኛል፤ የእኔንም ጥያቄ ወደ ተግባር አወረዱት። ግን ማን ይፈትሸዋል? ሣጥኑ በእኔ ሆቴል ግድግዳ ላይ ሆኖ፣ ሌሊት የእኔ በር ተቆልፎ፣ ሰው ከውጭ ቢወድቅስ? በጻድቃኔ ማርያም ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሽማግሌና አሮጊት ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያ መሣሪያውን የሚረከበው ደብሩ ነው፣ ወረዳው ነው ወይስ ቀይ መስቀል? ባለቤት የሌለው ንብረት ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

ጠበቃ፣ ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሕጉ አካል ውስጥ መጻፍ አለበት እንጂ ለመመሪያ መተው የለበትም። የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ባለቤቱን በስም ለይቶ ጥገናውን በእሱ ላይ ይጥላል፣ መሣሪያውም በይፋ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ያዛል። እኛም ብንጽፍ እንዲህ እንድንል እመክራለሁ። በቅን ልቦና የረዳ ሰው፣ ሠለጠነም አልሠለጠነም፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካልጎዳ በቀር በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም አይጠየቅም። መሣሪያ ያስቀመጠ ሁሉ ቦታውንና የፓዱን የማብቂያ ቀን ያስመዘግባል፤ መዝገቡም የቀይ መስቀሉን የአምቡላንስ ስልክ 907 ለሚያነሣው ሰው ክፍት ይሆናል፣ ደዋዩን ወደ ቅርቡ ሣጥን እንዲመራው። የመንግሥት ተቋማትና ትልልቅ ድርጅቶች በቅድሚያ ያስቀምጣሉ፤ መለዋወጫውም ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ትንንሽ ንግድ ቤቶች በፈቃዳቸው ብቻ።

የጤና መኮንን፣ ከመሐል ሜዳ፦ አንድ አንቀጽ ይጨመር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ሁሉ ደረት መጫንን በተግባር ሳይማር አይለፍ። ያ ካለ በመሣሪያው ላይ ያለኝን ተቃውሞ አነሣለሁ።

የሆቴል ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን፦ በከለላው፣ በመዝገቡና በትምህርት ቤቱ እስማማለሁ። ቀረጡ በአዋጅ ተነሥቶ መለዋወጫው ገበያ ላይ እስኪታይ ድረስ ግን ትልቅ ድርጅትም ቢሆን የሚገደድበትን አንቀጽ እቃወማለሁ።

ነርሷ፣ ከደብረ ብርሃን፦ እኔም ጋሼ የሚሉት ቅድመ ሁኔታ የቀን ገደብ ይኑረው እላለሁ፤ ገደብ የሌለው ከሆነ አልፈርምም።