እናቴን ይዤ ወደ ቬዝሌ፦ ያለ መኪና፣ በፍልሰታ ጾም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፓሪስ ነው። በመጪው ነሐሴ እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ ቡርጎኝ በተባለው አገር ኮረብታ ላይ ባለችው ጥንታዊት ቬዝሌ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ቦታውን የመረጡት እርሳቸው ናቸው፤ የመግደላዊት ማርያም አፅም እዚያ እንዳለ ከሰሙ ጀምሮ ሌላ ነገር አያነሡም። ይሁን እንጂ መኪና የለኝም፣ እናቴም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ወቅቱ ደግሞ ፍልሰታ ነው። የሄዳችሁ ብትመክሩኝ በጣም ደስ ይለኛል።

1ኛ መልስ

እህቴ፣ እኔም እናቴን ይዤ ሄጄ ስለነበር ጭንቀትሽ ይገባኛል። ከፓሪስ ቤርሲ ጣቢያ ወደ አቫሎን የሚሄደውን ባቡር ይዛችሁ ሰርሚዜል ትወርዳላችሁ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከዚያ እስከ ቬዝሌ ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚቀር፣ ታክሲውን ከፓሪስ ሳትነሡ በስልክ ያዢ። እኔ «እዚያው አገኛለሁ» ብዬ ሄጄ፣ እናቴን በዚያች ትንሽ ጣቢያ ከአንድ ሰዓት በላይ በፀሐይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከተማዋ በአመዛኙ ከሥር ካለው አደባባይ ተነሥቶ እስከ መግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ አንድ መንገድ ናት። አቀበቱ ረጅም ባይሆንም ለታመመ ጉልበት ይከብዳል፤ ስለዚህ ማረፊያችሁን ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ፈልጊ፤ ታክሲው እስከ በሩ እንዲያደርሳችሁም አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ከዘራ አይቅርባቸው፤ ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ያዳልጣል። በስፔን ወዳለችው መሳለሚያ ወደ ኮምፖስቴላ በእግር የሚሄዱ ተሳላሚዎች ከሚነሡባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ የተሳላሚዎቹ ምልክት የሆኑትን፣ በመንገዱ ላይ የተተከሉትን የነሐስ ዛጎሎች እናቴ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ስለወጡ ድካማቸውን ረስተውት ነበር።

2ኛ መልስ

ስለ አፅሙ እናትዎ ከመምጣታቸው በፊት ቢያጫውቷቸው ይሻላል። ቬዝሌ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን ታላቅ የመሳለሚያ ቦታ የነበረችው በመግደላዊት ስም ነው፤ ነገር ግን በ1279 በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው ፕሮቫንስ፣ ሳን ማክሲማን በተባለ ቦታ «አፅሟ ተገኘ» ተብሎ ከታወጀና በ1295 የሮማው ጳጳስ ያንን ካጸደቁት በኋላ የቬዝሌ ተሳላሚ ተመናመነ። ዛሬ ከመቅደሱ ሥር ባለው ዋሻ መሰል ክፍል ትንሽ ቅርስ ብቻ ተቀምጧል፤ ሰው ግን አሁንም እዚያ ተንበርክኮ ይጸልያል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ከመግቢያው አዳራሽ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ታላቅ በር ላይ ያለው ቅርጽ ነው። ጌታ በመካከል ተቀምጦ ከእጆቹ የወጣው ጨረር በሐዋርያቱ ራስ ላይ ያርፋል፤ ብዙዎች ጰራቅሊጦስን ያሳያል ይላሉ። ከሥሩ ባለው ረጅም ድንጋይ ላይ ወንጌል ሊደርሳቸው የሚገባ የዓለም ሕዝቦች ተቀርጸዋል፤ ገላቸውን የሚሸፍን ትልቅ ጆሮ ያላቸው፣ ቁመታቸው አጥሮ ፈረስ ላይ በመሰላል የሚወጡ። ቀራጩ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች እንኳ ከበሩ ውጭ አላስቀራቸውም፤ ዘመኑ በ1146 መነኩሴው ቅዱስ በርናርዶስ በዚሁ በቬዝሌ ለመስቀል ጦርነት የሰበከበት መሆኑን ሳስብ፣ ከዚያ ቅርጽ ፊት ብዙ ቆምሁ።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ከቀኝ በኩል ካሉት ዓምዶች በአንዱ ራስ ላይ ሙሴ እህል በወፍጮ ሲያፈስስ፣ ቅዱስ ጳውሎስም ዱቄቱን ሲቀበል ያያሉ። ብሉይ ተፈጭቶ ሐዲስ ሲሆን ማለት ነው። እናትዎ ያለ አስተርጓሚ የሚረዱት ይህንን ይመስለኛል።

3ኛ መልስ

ስለ ጾሙ ላክል። በገጠር ምግብ ቤቶች ምሳ የሚቀርበው ባብዛኛው ከእኩለ ቀን እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሁሉም ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለው ክፍል ተከራዪ፤ ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ። ባህላዊው ባጌት ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ የሚሠራ በመሆኑ ይበላል፤ ክሯሳን ግን ቅቤ ነው፣ ጉዤር የሚሉት በምድጃ የሚጋገር የአገሩ መክሰስም አይብ አለበት።

ሌላው ቀኑ ነው። የእነርሱ ፍልሰታ በፈረንጅ ነሐሴ 15 ስለሚውልና በመላው ፈረንሳይ በዓል ስለሆነ፣ ማረፊያ በዚያ ሰሞን በቶሎ ያልቃል። የእኛው በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ነሐሴ 22 ድረስ ስለሚቆይ፣ ከ17 በኋላ ብትሄዱ ትንፋሽ ታገኛላችሁ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእናቴ ዛሬ ማታ ደውዬ ስለ አፅሙ የተባለውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ «ብዙ ሰው የጸለየባት ቦታ አይደለችም ወይ» ብለው ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ጉዞውን ወደ ነሐሴ 18 አዛውሬ፣ ከላይ በኩል ወጥ ቤት ያለው ክፍል ይዣለሁ፤ ታክሲውን ነገ ጠዋት እደውላለሁ።